ማደያው ሲዘጋ አፈሩን ማን ይመርምረው?

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ ሲያስታውቁ፣ የሰው ሁሉ ክርክር በመኪና ዋጋ፣ በመለዋወጫና በቻርጅ ማድረጊያ ላይ ነበር። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ውሳኔው ግን በመንገድ ላይ ከሚሄደው መኪና አልፎ ከመሬት በታች ያለውንም ይነካል። የቤንዚን ገበያ ሲቀዘቅዝ ማደያ ይዘጋል፤ ከተማ መንገዱን ሲያሰፋና ሰፈሩን ሲያድስ የቆየ ማደያ ይነሳል፤ ፋብሪካ ማሞቂያውን ከጥቁር ናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ሲያዞር ታንከሩ ሥራ ይፈታል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ለዓመታት የተቀበረ ብረት አለ። ብረቱ ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ወይም አሸዋ ተሞልቶ እዚያው ሲቀር፣ በዙሪያው ያለው አፈር ስንት ዓመት ምን ሲጠጣ እንደኖረ የሚጠይቅ አለ?

መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ከሌሎች አገሮች ታሪክ የምረዳውም ይህን ነው፦ ከመሬት በታች የሚፈስ ነዳጅ የሚገኘው እንዲፈልገው በሕግ የተገደደ ሰው ባለበት ብቻ ነው። በራሱ ጊዜ ብቅ ሲል የሚታየው ጉድጓድ ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ወይም ከቧንቧ በተቀዳ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ያኔ ደግሞ መዳኛው በጣም ውድ ነው።

አዲስ አበባን እናስብ። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ ብታገኝም፣ ከምትጠጣው ትልቅ ድርሻ ያለው ከከርሰ ምድር የሚሳብ ነው። ከእንጦጦ ሥር የሚነሳው የከርሰ ምድር ውሃ በጥቅሉ ወደ ደቡብ ቁልቁል ይሄዳል፤ የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶችም ያሉት በዚያው በታችኛው በኩል ነው። በመሃል ከተማዋ ከነጋራዧ፣ ከነፋብሪካዋ፣ ከነማደያዋ ተዘርግታለች። ይህን የምለው ውሃው ተበክሏል ለማለት አይደለም። ላይ የሚሆነውን ሁሉ ታች ያለው እንደሚቀበል ግን ማንም ሊክደው አይችልም።

ፍሳሽ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፈነዳ ቧንቧና የሚንዠቀዠቅ ነዳጅ ነው። የተቀበረ ታንከር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያፈስም። መከላከያ ያልተቀባ ብረት እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቆይ እንደ መርፌ ቀዳዳ በትንሽ በትንሹ ይበሳል። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ይላላል። ቦቴው ሲያራግፍ ሞልቶ የፈሰሰው ደግሞ በመሙያው አፍ ዙሪያ ይሰርጋል። በአሜሪካ ሕግ በየወሩ የሚደረግ የታንከር ፍተሻ መለየት ያለበት ትንሹ ፍሳሽ በሰዓት 0.2 ጋሎን፣ ማለትም 0.76 ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። በቀን ግን 18 ሊትር፣ በዓመት ወደ 6,600 ሊትር ይሆናል። ይህ ወርሃዊ ፍተሻ እንኳ ከዚህ በታች ያለውን ላያየው ይችላል ማለት ነው።

ፍተሻ በሌለበት የሚቀረው መከላከያ ሂሳብ ብቻ ነው፤ የገባው ሲደመር፣ የተሸጠው ሲቀነስ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው በመለኪያ ዘንግ ሲለካ። ይህ ሂሳብ በኢትዮጵያ ሁኔታ ለምን እንደሚያስቸግር በነዳጅ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነዳጅ ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ 0.095 በመቶ ገደማ መጠኑን ይቀይራል። ከጅቡቲ ሙቀት 40,000 ሊትር ጭኖ የተነሳ ቦቴ ነዳጁ ደጋ ደርሶ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ማንም ሳይነካው 570 ሊትር ያህል ይቀንሳል። በዚህ ላይ የመንገድ ትነት፣ የፓምፕ መለኪያ ስህተትና ስርቆት ይጨመርበታል። ለጉድለት ይህን ያህል ዝግጁ ምክንያት ባለበት ዘርፍ በየቀኑ ወደ መሬት የሚሰርግ 18 ሊትር ከማን ዓይን ይገባል? በማደያዎች ጉድለት በታየ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነዳጅ ቀጂው ነው። ታንከሩን የሚጠረጥር እምብዛም የለም።

የአሜሪካው ሥርዓት ራሱ በሂሳብ ብቻ ለሚቆጣጠር ማደያ የፈቀደው የወር ልዩነት ከሽያጩ 1 በመቶ ሲደመር 130 ጋሎን ነው። በወር 300,000 ሊትር ለሚሸጥ ማደያ ይህ ወደ 3,500 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ነው እዚያ ሂሳብ ለጊዜው ብቻ የተፈቀደውና ቀስ በቀስ በመሣሪያ ፍተሻ እንዲተካ የተደረገው።

ሂሳቡ ሳይገጥም ሲቀር ችላ የማለት ዋጋ ምን እንደሆነ ሬድ ሂል በቂ ምስክር ነው። በሃዋይ፣ ከሆኖሉሉ አጠገብ ባለ ሸንተረር ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1943፣ 20 ግዙፍ የነዳጅ ታንከሮችን ቀበረ። እያንዳንዳቸው 47 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ከሥራቸው 30 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ደሴቲቱ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ከጥገና የወጣ አንድ ታንከር እንደገና ሲሞላ 100,000 ሊትር ገደማ አፈሰሰ። ክርክር ሆነ፣ ጥናት ተጠና፣ ታንከሮቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በሜይ 2021 ደግሞ በአሠራር ስህተት ወደ 75,000 ሊትር የሚጠጋ የጄት ነዳጅ ከቧንቧ አመለጠ። መጀመሪያ የተነገረው መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። አብዛኛው ነዳጅ ለእሳት መከላከያ በተዘረጋ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ከታንከሮቹ የጎደለው ከተገኘው ጋር አልገጠመም፤ ልዩነቱን እስከ መጨረሻው የተከታተለ ግን አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 20፣ አንድ ጋሪ ቱቦውን ገጨው፣ ነዳጁ ወደ ውሃው መስመር ደረሰ፣ 93,000 ሰዎች የሚጠቀሙበት ውሃ ተበከለ። ሰዎች ውሃው ነዳጅ ይሸታል ብለው ሲጮሁ ነው ውሃው የሚሳብበት ጉድጓድ የተዘጋው። በማርች 2022 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሎይድ ኦስቲን ተቋሙ ነዳጁ ወጥቶ እንዲዘጋ አዘዙ።

የዓለም ባለጸጋ ጦር፣ የራሱ መሐንዲሶችና ቤተ ሙከራዎች ያሉት፣ ስድስት ወር ሙሉ የማይገጥም ቁጥር ይዞ ተቀመጠ። እኔን የሚያሳስበኝ የመሣሪያ እጥረቱ ብቻ አይደለም፤ ያልገጠመውን ቁጥር ተከትሎ እስከ ታች እንዲወርድ የሚያስገድድ ኃላፊነት የማንም አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ ታንከሩ አፍስሷል ብለን ጠረጠርን እንበል። ምርመራው እንዴት ይካሄዳል? በቁፋሮ አይጀመርም። የሚጀመረው በታሪክ ነው። ቦታው መቼ ማደያ ሆነ? ታንከሮቹ ስንት ናቸው፣ የት ተቀበሩ፣ የተተካ አለ? ከአሁኑ በፊት የተረሳ ታንከር ይኖር ይሆን? እዚህ ላይ የድሮ ፈቃድና ካርታ ብቻ አይበቃም፤ ለዓመታት በዚያ የሠሩ ቀጂዎች፣ ጥበቃዎችና የጥገና ባለሙያዎች ከወረቀት የበለጠ ያውቃሉ። ዕድሜውን ማወቅም የግድ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን የቀረው እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያፈሰሰ ታንከር አፈሩ ውስጥ እርሳስም ትቶ ሊሆን ይችላል። መርማሪው ይህን ካላወቀ ቤተ ሙከራው የእርሳስ ምርመራ እንዲያደርግ አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀ ቤተ ሙከራ ደግሞ አይመልስም።

ቀጥሎ ቀጭን ቱቦ ወደ አፈሩ እየሰደዱ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ይስባሉ። የነዳጅ ትነት ካለ መሣሪያው ይለየዋል፤ ትነቱ ጠንከር ያለበት አቅጣጫም ወደ ምንጩ ይመራል። ከዚያ በኋላ ነው መሰርሰሪያው የሚመጣው። ናሙና ከታንከሩ ወለል ሥር፣ ከቱቦው መስመር፣ ከፓምፖቹ ግርጌ ይወሰዳል። ከውሃ ከተደረሰ ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ ውሃው ወደየት እንደሚሄድ ከሁለት ነጥብ ማወቅ አይቻልምና። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል እላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የውሃው ወለል በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ሲል ነዳጁም አብሮ ወጥቶ እየወረደ ሰፊ የአፈር ንብርብር ይቀባል። በአንድ ወር በተወሰደ ናሙና ብቻ «ቦታው ንጹሕ ነው» ብሎ መፈረም ስለዚህ አይገባም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መርማሪ በሁለቱም ወቅት መመለስ አለበት።

የእኛ መሬት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ ይዘጋል፣ በበጋ ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። እንዲህ ያለ አፈር ሲያብጥና ሲሸመቅቅ የተቀበረ ቱቦን ይጎትታል፣ መጋጠሚያውንም ያላላል። ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ነው። አሸዋማ መሬት ላይ የፈሰሰ ነዳጅ በመጠኑም ቢሆን ሊገመት በሚችል ቅርጽ ይሰራጫል። በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን ስንጥቁ ወደ መራው ይሄዳል። ከታንከሩ አምስት ሜትር ርቆ የተቆፈረ ጉድጓድ ንጹሕ ሲሆን፣ ነዳጁ በሌላ ስንጥቅ ሰፈሩን አልፎ ሊሆን ይችላል። ከውጭ የተገለበጠ የምርመራ መመሪያ እዚህ እንዳለ አይሠራም፤ የጂኦሎጂና የውሃ ምህንድስና ባለሙያዎቻችን የራሳችንን መጻፍ አለባቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን የሚባል የደም ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ በመቶ ቤንዝን ያለው አንድ ሊትር ቤንዚን ኬሚካሉ ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ ከ800,000 ሊትር በላይ ውሃን እስከዚያ ጣሪያ ሊያደርስ ይችላል። ይህን ከላይ ካየነው የ6,600 ሊትር የዓመት ፍሳሽ ጋር አስተያዩት።

ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያጽናናውንም መናገር ያስፈልጋል፤ አፈር መከላከያ የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የካሊፎርኒያው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በክፍለ ግዛቲቱ ያፈሰሱ ታንከሮችን መረጃ ሰብስቦ ሲያጠና፣ አብዛኛው የቤንዝን ብክለት ከምንጩ ከ100 ሜትር እንደማይርቅና ከጊዜ በኋላ መስፋፋቱን እንደሚያቆም አገኘ። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ነዳጁን ስለሚበሉት ነው። ይህ ግኝት የጽዳትን አስተሳሰብ ለወጠ፤ በየቦታው አፈር ቆፍሮ ከመጣል ይልቅ አደጋው አነስተኛ የሆነውን እየተከታተሉ ለተፈጥሮ መተው ተቻለ። ለድሃ አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ሁሉን መቆፈር አይጠበቅብንም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው ካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ሞኒካ ከተማ ሌላ ነገር ተገኘ። ኤምቲቢኢ የተባለ፣ በአሜሪካ ቤንዚን ውስጥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲቀላቀል የኖረ ማሟያ በከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ታየ። ባክቴሪያ በቀላሉ አይበላውም፤ ከውሃው ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ትንሹም የውሃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል። ምንጩ በአካባቢው ያሉ የማደያ ታንከሮችና ቱቦዎች ነበሩ። ከተማዋ በ1996 ጉድጓዶቿን ዘግታ ግማሽ ያህል የውሃ ምንጯን አጣች፤ ከሩቅ የሚመጣ ውሃ መግዛት ጀመረች። የነዳጅ ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ክርክርና በስምምነት ወጪውን እንዲሸከሙ ተደርጎ የማጣሪያ ጣቢያ እስኪሠራ 14 ዓመት ያህል አለፈ።

ሁለቱ ግኝቶች ሲያያዙ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ተፈጥሮ ያጸዳዋል ማለት የሚቻለው ምን እንደፈሰሰ ከታወቀ በኋላ ነው። ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ ቆይቶም 10 በመቶ ኢታኖል ሲቀላቀል ነበር። ኢታኖል ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚገኝ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያድን ጥሩ ሐሳብ ነው። አፈር ውስጥ ሲፈስ ግን ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ እሱን ይበላሉ፣ ኦክስጅኑንም በእሱ ይጨርሳሉ፤ ቤንዝኑ ሳይነካ ይቆያል፣ የበለጠም ይርቃል። መርማሪው በዚያ ዓመት የተሸጠው ነዳጅ ምን እንደነበረ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

አሜሪካ ወደዚህ እውቀት የደረሰችው በፈቃደኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ኮንግረሱ የተቀበሩ ታንከሮች እንዲመዘገቡና ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ሕግ አወጣ። በ1986 በእያንዳንዱ ጋሎን ነዳጅ ላይ የአንድ ሳንቲም አንድ አስረኛ ተጥሎ፣ ባለቤቱ ለጠፋ ወይም ለከሰረ ፍሳሽ የጽዳት ፈንድ ተቋቋመ። የ1988ቱ ደንብ ነባር ታንከሮች ከዝገት እንዲጠበቁ ወይም እንዲነሱ እስከ ዲሴምበር 22፣ 1998 ጊዜ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ታንከሮች ተዘግተዋል፤ ከ560,000 በላይ ፍሳሾችም ተረጋግጠዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ጸድተዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገና ይቀራሉ። ብዙ ፍሳሽ የታወቀው ታንከሩ ሲወጣና ሥሩ ሲመረመር ነበር። መዘጋት የምርመራ አስገዳጅ ሰዓት ባይሆን ኖሮ እነዚያ ቦታዎች ዛሬ ሱቅና መኖሪያ ሆነው ነዳጁ ከሥራቸው ይኖር ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ ለእኛ የመጀመሪያ የማደርገው ግን እ.ኤ.አ. የ2005ቱን የአሜሪካ ሕግ ማሻሻያ ነው። ሕጉን ባልጠበቀ ታንከር ውስጥ ነዳጅ ማራገፍ ተከለከለ። ቅጣትና ክስ ዓመታት ይፈጃሉ፤ ቦቴ አለማራገፍ ግን በማግስቱ ይሰማል። በኢትዮጵያ የነዳጅ ስርጭት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ይህን ለመፈጸም ከአሜሪካም የተሻለ አቅም አለን። ሌላም አቅም አለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሽያጭ በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ተደርጓል፣ ዋጋውም መንግሥት የሚተምነው ነው። የተከፈለው ብር በዋጋው ሲካፈል የተሸጠው ሊትር ይገኛል። ከቦቴው ርክክብ ጋር ቢነጻጸር፣ ለኮንትሮባንድ ቁጥጥር የሚሰበሰበው ይኸው መረጃ የሚያፈስ ታንከርንም ሊጠቁም ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁጥሩን በየወሩ የሚያይና ሲጎድል «ለምን?» የሚል ባለሙያ ነው።

ሕጉስ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። መርሑ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ያለው በካይን የሚያሳውቅ ምርመራ ላይ ነው፤ ብክለቱ ሳይታወቅ በካይ አይገኝም፣ በካይ ሳይገኝ ከፋይ የለም። የመሬት ሥሪታችን ይህን ያባብሰዋል። መሬት በሚሸጥበት አገር ገዢው ብክለቱን አብሮ እንዳይወርስ ስለሚፈራ፣ ባንኩም ብድሩን ስለሚሰጋ፣ ከግዢ በፊት የአፈር ምርመራ ያስደርጋሉ፤ ፍርሃቱ ተቆጣጣሪ ሆኖ ያገለግላል። በእኛ አገር መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማደያው ሲነሳ ወይም ቦታው ለሌላ ልማት ሲተላለፍ፣ ከሥሩ ያለው ብክለት ባለቤቱን ሳያስከፍል ወደ ሕዝቡ ይመለሳል። ይህ ለከተማ አስተዳደሮች ሊያስጨንቃቸው የሚገባ ኪሳራ ነው፤ በሰነድ ስለማይታይ ብቻ አያስጨንቅም።

በዚህ ላይ አዲሶቹ ሕንፃዎች ወደ ታች ጠልቀው ነው የሚሠሩት። በቀድሞ ማደያ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ምድር ቤት ሲቆፈር የሚወጣው አፈር በገልባጭ ተጭኖ ሌላ ቦታ መሙያ ይሆናል፤ ብክለቱም አብሮ ይሰፍራል። መሠረቱን ለማድረቅ የሚሳበው ውሃ በዙሪያው ያለውን የተበከለ ውሃ ወደ ራሱ ይጎትታል። የቀረው ትነት በስንጥቅ ገብቶ ምድር ቤቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ለቆፋሪዎቹም አደጋው የቅርብ ነው፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል፣ ውስጡ ትነትና አየር ስለሚቀላቀል። ትነቱ ሳይወጣ ብረቱን በእሳት የሚቆርጥ ሠራተኛ ሕይወቱን እያስያዘ ነው።

የሚጠበቀው ረቂቅ ነገር አይደለም። የተቀበሩ ታንከሮች፣ የማደያውም የፋብሪካውም የጀነሬተሩም፣ ከዕድሜያቸው ጋር ይመዝገቡ። ማደያ ሲዘጋም ሆነ ሲነሳ የአፈርና የውሃ ምርመራ ውጤት ሳይቀርብ ቦታው ለሌላ ሥራ አይተላለፍ፤ ምርመራውንም ባለንብረቱ ራሱ የቀጠረው ድርጅት ብቻውን አይፈርምበት። ከሊትር ላይ የምትቆረጥ ጥቂት ሳንቲም ባለቤት ለሌለው ብክለት ማጽጃ ትቀመጥ። ይህን ለማድረግ የተሻለው ጊዜ ነዳጅ ገና በብዛት የሚሸጥበት ዛሬ ነው፤ ማደያዎቹ ገበያ አጥተው ባለቤቶቻቸው ከተበተኑ በኋላ ከማን ይሰበሰባል?

እስከዚያው ለአንባቢ አንድ ቃል አለኝ። በቀድሞ ማደያ፣ ጋራዥ ወይም ፋብሪካ ቦታ ላይ የሚሠራ አፓርታማ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከካርታውና ከግንባታ ፈቃዱ ጋር የአፈር ምርመራውን ውጤት ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ ሳትፈርሙ እንዲሠራ አድርጉ።